ጡት የጣሉበት ወር

ሰኞ 3

ዛሬ ጥንቸሌን እሜቴን ከልጆቿ ለየኋት። ሐኪሙ እንዳለው እናቲቱን አወጣሁ እንጂ ግልገሎቹን ከለመዱት ቤት አላነቃነቅኳቸውም። አምስቱም አብረው ናቸው። እሜቴ አዲሱ የሽቦ ቤቷ ገብታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ተኮራርፈናል።

ለግልገሎቹ ስም አውጥቻለሁ፦ ቁልፍ፣ ኪስ፣ ዚፕ፣ ኮሌታ፣ ገበር። ባሌ ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺ ልጅ ብትወልጂ ስሙን ሱሪ ትይው ነበር» አለኝ። ልጅ የለንም፤ ቢሆንም ቀልዱ አልከፋኝም። እሱ ሲስቅ ቤቱ ሰው የሞላበት ይመስለኛል።

አምና ጡት ከጣሉት አንድም አልተረፈም። ሆዳቸው እየተነፋ አለቁብኝ። ዘንድሮ አንድም አይሞትብኝም። ለሐኪሙም፣ ለባሌም፣ አብረውን ለሚኖሩት ለእናቱ ለአማቴም ይህንኑ ብያለሁ፤ አሁን ደግሞ እዚህ ጻፍኩት።

የእንስሳት ሐኪሙ የነገረኝን እንዳልረሳው፦ ድርቆሽ ከፊታቸው አይጥፋ። መኖው ያው የለመዱት ይሁን፤ መቀየር ግድ ከሆነ ከአሮጌው ጋር ጥቂት በጥቂቱ እየተቀላቀለ። እርጥብ ቅጠል ለጊዜው ይቅር። ውሃ በየቀኑ። ጠዋት ጠዋት ሆዳቸውን ዳበስ፣ በጠጣቸውን አየት ማድረግ። «ክብና ደረቅ ከሆነ ደስ ይበልሽ፤ ከላላ ሮጠሽ ነይ» ነው ያለኝ። እሜቴም ወተቷ እስኪደርቅ መኖ አታገኝም፤ ድርቆሽ ብቻ። ለኩርፊያዋ ሌላ ምክንያት።

ረቡዕ 5

የተማሪ ዩኒፎርም ገባ። የስፌት ሱቄ ሰው በሰው ላይ። አንዷ እናት «ልጁ ያድጋል፣ ሰፋ አድርጊው» ትላለች፤ ሌላዋ «ሽንጡን ያዝ አድርጊለት፣ ሙሽራ ይምሰል» ትላለች። ሙሽራ! የሰባት ዓመት ልጅ።

ቀጭኔ በነበረች። እሷ ግራኝ፣ እኔ ቀኝ፤ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሰፋ ክርናችን ተጋጭቶ አያውቅም። ባዶ እጇን መጥታ እኔ ያስተማርኳት ልጅ፣ በኋላ ከእህት የበለጠች ጓደኛዬ። አምና «ጀርባዬን አመመኝ፣ ለብቻዬ ቀለል ያለ ሥራ ልያዝ» ብላ ወጣችና ከተማው ጫፍ ትንሽ ሱቅ ከፈተች። ቁመቷን አይቶ ቀጭኔ የሚል ስም ያወጣላት ባሌ ነው። ልደውልላት እያልኩ ቀኑ ያመልጠኛል።

ግልገሎቹ ደህና። ክብና ደረቅ። ደስ ይበለኝ።

ቅዳሜ 8

የመኖው ሱቅ ከከተማ ውጭ ነው። በፊት እኔ ነበርኩ የምሄደው፤ ዘንድሮ ባሌ «አንቺ በዩኒፎርም ተይዘሻል፤ የቅዳሜው የኔ ይሁን» አለኝ። መኪና መንዳት አስተማሪ ነው፣ ቅዳሜ ተማሪ የለውም። ሳልለምነው እንዲህ ያለኝ ባል ስንቷ አላት?

ጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ገባ። ሰልፍ ነበር አለ። አማቴ ከሶፋው ሆነው «ለሰው ምግብ የማይሰለፍ ልጅ ለጥንቸል ተሰለፈ?» አሉ። እኔ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

መኖው ቀለሙ ተለውጧል። የበፊቱ አረንጓዴ ነበር፤ ይሄ ወደ ቢጫ ያደላል። ጠየቅኩት። «ፋብሪካው ዘንድሮ በቆሎ አብዝቶበታል፤ ሻጩ ነው የነገረኝ። ያው ነው» አለ። ጆንያው እንደሆነ ያው ጥንቸል የተሳለበት ነው። አፉ ግን በእጅ ጠበቅ ተደርጎ ተሰፍቷል፤ በፊት የክሩን ጫፍ ሳብ ሲያደርጉት ይተረተር ነበር፣ ዛሬ በመቀስ ከፈትኩት። ሻጩ ጥንቁቅ ሰው ሆኗል ማለት ነው።

ቢሆንም ከአሮጌው ጋር እየቀላቀልኩ ነው የምሰጣቸው። ሐኪሙ ያለውን አልረሳሁም።

ማክሰኞ 11

ዚፕ መኖውን ሸሸ። ድርቆሽ ነካ ነካ ብቻ። በጠጡ ላላ ብሏል። ሐኪሙ ስልክ አያነሳም። ሱቅ ውስጥ የሱሪ እግር ገልብጬ ሰፋሁ፤ ተርትሬ ደገምኩት። ደንበኛዋ ቆማ ታየኛለች። «ዛሬ ልብሽ የት ነው?» አለችኝ። ጥንቸል ቤት ነው ብላት ትስቃለች ብዬ ዝም አልኩ።

ሐሙስ 13፣ ማታ

ዚፕ ሞተ።

ጠዋት ስዳብሰው ሆዱ አልተነፋም ነበር። እንዳምናዎቹ ቢሆን ሆዱ እንደ ከበሮ በተወጠረ። የዚፕ ሆድ ለስላሳ ነው፤ ግን አንገቱን ማንሳት አቃተው፣ የኋላ እግሮቹም አልታዘዝ አሉት። እጄ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈሰፈሰ። ውሃ በስሪንጅ ጠብ ጠብ አደረግኩለት። ከዚያ ሱቅ መክፈት ነበረብኝ፤ ሄድኩ። ስመለስ አማቴ በፎጣ ጠቅልለውት በር ላይ ጠበቁኝ። «አልተሠቃየም፣ ልጄ» አሉኝ።

ምን አጠፋሁ? ብርድ ነው እንዳልል መስኮቱ ዝግ ነው። ውሃው ንጹሕ ነው። ድርቆሹ ሻግቶ ይሆን ብዬ እፍኝ እፍኝ እያነሳሁ አሸተትኩት፤ ደረቅ ሣር ነው የሚሸተው። እጄን ሳልታጠብ ነካክቻቸው ይሆን? ከሱቅ የጨርቅ ቀለም ይዤ መጥቼ ይሆን? ተጠያቂ ፍለጋ ስዞር ዙሬ ዙሬ ራሴ ላይ እመጣለሁ።

ባሌ አቀፈኝ። «ግልገል ነው፤ ይሞታል። አራቱን ጠብቂ» አለ። ቆየት ብሎ «መኖውን በደንብ ጨምሪላቸው፤ ጉልበት ያግኙ» አለኝ። ጨመርኩላቸው። አሮጌው አልቋል፤ ከዛሬ ጀምሮ አዲሱ ብቻ ነው።

ቅዳሜ 15

ባሌ ወደ መኖ ሱቅ። የተተኮሰ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ። «ጥንቸሎቹን ልትድር ነው?» አልኩት። «ሻጩ ፊት ደሃ አልምሰል ብዬ ነው» አለ። የዚህ ሰው መልስ አያልቅም።

ሲመሽ መጣ። ጆንያውን አወረደ፣ እጁን ታጥቦ ቁጭ አለ። የሸሚዙ የእጅጌ ቁልፍ ሊወድቅ ደርሶ በክር ጫፍ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት «ስፊልኝ» ብሎኝ «ወረፋህን ጠብቅ» ብዬው ነበር። ዛሬ ሳየው ጥብቅ ብሏል። ሰፍቼው ረስቼው መሆን አለበት። በዚህ ሥራ ብዛት ራሴን ያልረሳሁት በተአምር ነው።

ኮሌታም መኖ አልበላ አለ።

እሑድ 16

ሳልፈልግ የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ከምሳ በኋላ ጓሮ ሆኜ የእሜቴን ቤት አጸዳለሁ። የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነው። አማቴ ለባሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ ሰማሁ፦

«ተው አልኩህ። ስንት ጊዜ ተው አልኩህ! ይሄ ነገር ሲወጣ እኔ የት እገባለሁ?»

«እማዬ፣ ቀስ በይ። ማንም አያውቅም።»

«እሷ ሞኝ ትመስልሃለች? ዐይኗ ቀዳዳ አያመልጠውም።»

ከዚያ የቧንቧ ውሃ ተከፈተና ሌላው አልተሰማኝም። እኔን ነው የሚያወሩት። ሲወጣ የሚያሳፍር፣ ደብቀውኝ የሚያደርጉት ነገር በዚህ ቤት ምን አለ?

ወዲያው መልሱን አገኘሁት። ከእሜቴ ቤት ሥር የተነከሰ የጎመን ቅጠል ወድቋል። አማቴ እንስሳ ሲራብ አይችሉም። ቀን ቀን እኔ ሱቅ ነኝ፣ እሳቸው እቤት ናቸው። ለእናቲቱ የሰጡ ለግልገሎቹ አይሰጡም? ባሌ አይቶ ዝም ብሏቸዋል። ይኸው ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ማክሰኞ 18

ኮሌታ ሞተ። ልክ እንደ ዚፕ፤ አንገት የለውም፣ እግር የለውም።

አላስቻለኝም። የጎመኑን ቅጠል በሳህን አድርጌ አማቴ ፊት አስቀመጥኩት።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጎመን ነዋ።»

«ቅጠል አይሰጣቸው አላልኩም? ስንቴ ተናገርኩ?»

«ለትልቋ ነው የሰጠሁት። ለትንንሾቹ አልሰጠሁም።»

«እሑድ ስታወሩ ሰምቻለሁ! ይሄ ነገር ሲወጣ የት እገባለሁ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

እንደዚያ ስል ፊታቸው ደም አጣ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት። ሳህኑን አዩ፤ ቅጠሉን አዩ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው «ጥፋቴ ነው፣ ልጄ» አሉ።  ባሌ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ሁለቱም ከትከሻቸው ሸክም የወረደላቸው መስለው ታዩኝ።

ክፉ ሆንኩ። አንዲት አሮጊትን በገዛ ልጃቸው ፊት አዋረድኩ። ግን ግልገሎቼ እየሞቱ ምን ላድርግ?

ረቡዕ 19

ጎመን የለም። ማንም ወደ ጥንቸሎቹ አይጠጋም ብያለሁ፤ የሽቦ ቤቱን መክፈቻ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሱቅ ሄድኩ። አማቴ ከመኝታ ቤታቸው አልወጡም። ምሳቸውን አልነኩም።

ገበር ማታ መኖውን ገፋ።

ሐሙስ 20

ሱቁን ዘግቼ ገበርን በቅርጫት ይዤ ሐኪሙ ጋ ሮጥኩ። ከውጭ አራት እናቶች ዩኒፎርም እየጠበቁ ነበር፤ ይጥሩኝ እንጂ ዞሬ አላየሁም።

ሐኪሙ ብዙ አያወራም። ገበርን አገላበጠ፣ ልቡን አዳመጠ፣ የኋላ እግሩን ሳብ ለቀቅ አደረገው። ስለ ጎመኑ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ጎመን ይነፋል። ይሄ አልተነፋም። ይሄ ጡንቻው ነው የከዳው። የምትሰጪው መኖ ምንድን ነው?»

«ያው የድሮው።»

«ያው መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«ባሌ ነው የሚገዛው። ያው ነው ብሎኛል።»

«ያው ነው ካለሽ ያው ይሆናል» አለ ዐይኑን ከጥንቸሉ ሳያነሳ። «ለማንኛውም አንድ እፍኝ አምጪልኝ። እስከዚያ ግን መኖ የሚባል አትስጫቸው። ድርቆሽና ውሃ ብቻ። እየሰማሽኝ ነው?»

ያው ነው አልኩት በድጋሚ። ለምን ሁለት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም።

እቤት እንደገባሁ አማቴ እግር ሥር ተንበረከክኩ። ጎመኑ አይደለም፣ በሐሰት ከሰስኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ ብዬ ጉልበታቸውን ይዤ አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ፤ ከኔ ብሰው አለቀሱ። ፀጉሬን እየደባበሱ «ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ፤ ይቅር ብዬሻለሁ» አሉኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ አቅፎኝ ያለቀሰ ሰው የለም። ማታ ብርቱካን ልጬ ወሰድኩላቸው።

ዓርብ 21

መኖውን ለሐኪሙ ሰጠሁ። ገበር ሞተ። ቁልፍና ኪስ ድርቆሽ ብቻ። ኪስ የኋላ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ቁልፍ ይሻላል። ሦስት ደርዘን ቀሚስ ለሰኞ።

ቅዳሜ 22

ባሌን «ዛሬ መኖ አያስፈልግም፣ ሐኪሙ ከልክሏል» አልኩት። ደነገጠ። መኖ ሱቅ ባለመሄዱ የሚደነግጥ ሰው አይቼ አላውቅም። «በኋላ ቢያልቅስ? ዋጋውም ሊጨምር ነው» አለ። «አይ፣ እረፍ፤ ደክመሃል» አልኩት። ቀኑን ሙሉ ከመስኮት መስኮት ሲል ዋለ። ሦስቴ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። መኪናውን ሁለቴ አጠበ። ምስኪን፣ ለግልገሎቹ ተጨንቆ ነው አልኩ።

እዚህ ስጽፈው ግን እጄ ዘገየ።

ሰኞ 24

ሐኪሙ ሱቅ ድረስ መጣ። ቀሚስ የምትለካ ሴት ነበረች፤ እስክትወጣ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ እፍኟን መኖ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፋት።

«ይሄ የዶሮ ነው» አለ። «ውስጡ ለዶሮ ተቅማጥ የሚጨመር መድኃኒት አለ። ለዶሮ መድኃኒት፣ ለጥንቸል መርዝ። ትንሹም ይበቃዋል። ማርከሻ የለውም፤ ለቀሩት ድርቆሽ፣ ውሃ፣ ሙቀት፣ ዕረፍት። ያንቺ ጥፋት አይደለም።»

ያንቺ ጥፋት አይደለም ሲለኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

የመኖ ሱቁ ሰው አታለለን ብዬ እየተናደድኩ እቤት ገባሁ። ጆንያው ላይ ስልክ አለ፤ ደወልኩ፤ አምባረቅኩበት። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቀኝና «እመቤቴ፣ እኔ የዶሮ መኖ ሸጬ አላውቅም። ባለቤትዎን ደግሞ አውቃቸዋለሁ፤ መኪና ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከክረምት በፊት ነው» አለኝ።

ከዚያ ጆንያውን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩት። ይህን ሁለተኛውን ከታች በኩል ቀድጄ ነበር የተጠቀምኩት፤ ስለዚህ አፉ እንደተሰፋ ነው። መብራት አበራሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስፌት ሳይ ነው የኖርኩት፤ ይሄን ስፌት ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ እያየሁ አላየሁትም። ቀኝ እጅ ሲዘመዝም ክሩ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ይሄ ወደ ሌላኛው ነው የሚያጋድለው። ማለቂያው ላይ ቋጠሮ የለም፤ ክሩ ተመልሶ ውስጥ ገብቶ ተደብቋል። እንዲህ አድርጎ መጨረስ በዚህ ከተማ ሁለት ሰው ነው የሚያውቀው። አንደኛዋ እኔ ነኝ።

የሸሚዙንም ቁልፍ ሄጄ አየሁት። እሱንም እኔ አልሰፋሁትም።

ስሟን ዛሬ አልጽፍም።

ማክሰኞ 25

ከሥራ ሲገባ ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩት።

«ይሄን አፍ ማን ሰፋው?»

«ሻጩ ነዋ።»

«ሻጩ ጋ ደውዬ ነበር።»

የማስተማሪያ መኪናው በሱ በኩል ሁለተኛ ፍሬን አለው፤ ተማሪ ሲሳሳት እሱን ይረግጣል። ፊቱ ላይ ያን ፍሬን ሲፈልግ አየሁት።

«እሺ፣ ሰነፍኩ» አለ። «ሩቅ ነው። ከቅርብ ገዛሁ። መኖ መኖ ነው አልኩ። አሮጌው ጆንያ ውስጥ ገለበጥኩት፣ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። እንደሚሞቱ ባውቅ አደርገው ነበር?»

«አታደርገውም። የሰፋው ሰውስ ግራኝ ነው?»

ተቀመጠ። ወንበሩን ሳያየው ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት።

«ስለ መኖው ነው?»

«ስለ መኖው አይደለም።»

«ከሱቅሽ ሳትወጣ በፊት» አለ።

እንግዲህ ጀርባዋን ያመማት ለዚያ ነው። እኔ ደግሞ ቅባት ገዝቼላት፣ ወገቧን እያሸሁላት፣ «አይዞሽ፣ ሱቅሽ ይቅናሽ» ብዬ መቁረጫ መቀሴን ሰጥቼ ሸኘኋት። ሁለት መቀስ ነበረኝ፤ የተሻለውን ነው የሰጠኋት።

አልጮህኩም። እጮሃለሁ ብዬ ነበር። «ውጣ» ብቻ አልኩት። ሸሚዞቹን ይዞ ወጣ። በር ላይ ዞሮ «የቀሩት ይተርፋሉ?» አለኝ። እንባው መጥቶ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ለግልገሎቹ ማዘኑ እውነት ነው። ያ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። ማዘን ይችላል ማለት ነው፤ ለኔ ነው ያልቻለው።

ሐሙስ 27

ቀጭኔ ደወለች። አላነሳም ብዬ አነሳሁ።

«የኔ እህት…»

«እህትሽ አይደለሁም።»

«እሺ። ስለ እሱ የምትይኝን ሁሉ በይኝ፤ ይገባኛል። ስለ ጥንቸሎቹ ግን እንዳትጠይኝ። አላውቅም ነበር። ዶሮ ጀምረናል ነው ያለኝ። ለዶሮ መስሎኝ ነው የሰፋሁት።»

«ጥንቸል የተሳለበትን ጆንያ?»

«ሥዕሉን ልብ አላልኩትም።»

«ከመንገድ ማዶ ሆነሽ የሰው ደረት ስንት እንደሆነ የምትናገሪ ሴት።»

 አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ከዚያ በዚያው በምወደው ድምፅዋ፣ ጨርቅ ስናጥፍ በምታወራኝ ድምፅ፣ «ኪስስ ተረፈ?» አለችኝ።

 እነዚህን ስሞች ያወጣኋቸው በዚህ ወር ነው። ከቤታችን ውጭ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሐኪሙ እንኳ አፍሬ «ትንሹ»፣ «ነጩ» ነበር የምለው። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ነግሯታል። አንድ በአንድ፣ ቁልፍ፣ ኪስ፣ ዚፕ እያለ፣ አብረው እየሳቁ። ስለዚህ ለማን እንደምትሰፋ ታውቅ ነበር። መርዝ መሆኑን አላወቀችም፤ እሺ፣ ይሄን አምናለሁ። እነማን እንደሚበሉት ግን በስም ታውቃቸዋለች።

«መቀሴን መልሺልኝ» አልኳትና ዘጋሁት። ከዚያ ሁሉ ነገር መሀል አፌ ላይ የመጣልኝ ይሄ ነው።

ዓርብ 28

የዩኒፎርሙን የመጨረሻ አስረከብኩ። ስመለስ አማቴ ቁልፍን ጭናቸው ላይ አድርገው በስሪንጅ ውሃ ያጠጣሉ። ጥሩ ያጠጣሉ፤ አይቸኩሉም። ልጃቸው ከወጣ ጀምሮ ስለ እሱ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም አልጠየቅኩም። ዛሬ ጠየቅኩ።

«እማማ፣ ያን እሑድ፣ ይሄ ነገር ሲወጣ የት እገባለሁ ያሉት ስለ ጎመን አልነበረም።»

እጃቸው ቆመ።

«አልነበረም» አሉ።

«ያውቁ ነበር።»

«ልጄ ነው። ምን ላድርግ?»

«እኔስ ልጄ አይሉኝም? በቀን አሥር ጊዜ ነው የሚሉኝ።»

«አንቺም ልጄ ነሽ።»

«ታዲያ ከሁለት ልጅ ለአንዱ ብቻ እንዴት ይደበቃል?»

 ቁልፍን እንዳይወድቅ ደረታቸው ላይ ያዙት። ያሳዝኑኛል፤ ልጃቸው ወጥቶ የሰው ቤት ቀሩ። ግን ያ ሐሙስ አልወጣልኝ አለ። ጉልበታቸውን ይዤ እንደ ሕፃን ሳለቅስ፣ በሐሰት ከሰስኩዎት ብዬ ስለምን፣ ባሌ የት እንደሚውል እያወቁ ፀጉሬን ይደባብሱኝ ነበር። ያለቀሱት ለራሳቸው ነው። ወይም ለኔ። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

«ያን ቀን ይቅር ብዬሻለሁ ያሉኝን መልሰው ይውሰዱት» አልኳቸው። «አልፈልገውም።»

ቁልፍን ቤቱ መለሱት። ስሪንጁን አጥበው ቦታው አስቀመጡ። ክፍላቸው ገብተው በሩን በቀስታ ዘጉ። ነገ ልጃቸው መጥቶ ይወስዳቸዋል።

እሑድ 30

አማቴ ትናንት ሄዱ። ቤቱ ዝም ብሏል። ከመሄዳቸው በፊት ሊስሙኝ ቀረብ አሉ፤ እጄን ሰጠኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ድርቆሽ ልጨምር ብዬ ሽቦውን ከፈትኩ። ቁልፍ ወዲያ ወዲህ ይላል። ኪስ ጥግ ላይ እንደተለመደው ተኝቷል ስል ብድግ አለ። በአራቱም እግሩ ቆመ። የኋላዎቹ አልተንቀጠቀጡም። ወደ ድርቆሹ መጣ፣ አንዷን ረጅም ሰበዝ ከጫፏ ያዘና ቆርጠም ቆርጠም እያደረገ እስከ መጨረሻዋ በላት። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ጥግ የተኛበትን ቦታ አየሁት፤ በጠጥ አለ። ክብ፣ ደረቅ።

ተርፏል! ጮኼ ተነሳሁ። እየሮጥኩ ወደ ሳሎን ገባሁና «እማማ!» አልኩ። የባዶ ክፍል በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስልኬን አነሳሁ፤ ጣቴ ሳላስበው የባሌን ቁጥር ፈልጎ አገኘ፤ ተውኩት። ቀጥሎ ያለው የቀጭኔ ነበር፤ እሱንም ተውኩት። ሐኪሙ እሑድ ስልክ አያነሳም።

ሌላ የምነግረው ሰው ስም ቁጭ ብዬ ፈለግኩ። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።